ቼሪ በአራዳ ማዕድ ቤት፤ ከብላክ ፎረስት እስከ ኮክ ማርማላታ

በአዲስ አበባ ‹‹ቼሪ›› የሚለው ቃል ቢያንስ የሦስት ነገሮች መጠሪያ ነው፡፡ የቡና ነጋዴ ‹‹ቼሪ›› ሲል ከዛፉ የተለቀመውን ቀይ እሸት ቡና ማለቱ ነው፡፡ አትክልት ሻጩ ‹‹ቼሪ›› ካለ ትንሿን ቲማቲም ነው፡፡ ኬክ ቤት ገብቶ ‹‹ቼሪ ያለበት›› ብሎ የሚያዝ ሰው ደግሞ በብላክ ፎረስት ላይ ጉብ የምትለውን ደማቅ ቀይ ፍሬ ይፈልጋል፡፡ ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሦስተኛዋን ቼሪ ሲሆን፣ ዓላማውም በቤት ውስጥ ኬክና ማርማላታ ለሚሠሩ አንባብያን የሚሆን መረጃ መስጠት ነው፡፡

ጉዳዩ የጣዕም ብቻ አይደለም፡፡ የምግብ አዘገጃጀቱን አብዛኞቻችን ከውጭ መጻሕፍትና ከኢንተርኔት እንወስዳለን፡፡ እነዚህ አዘገጃጀቶች በአብዛኛው የተጻፉት ትኩስ ቼሪ በኪሎ ለሚገዛና ወደ ባሕር ጠለል በተጠጋ ከተማ ለሚኖር ሰው ነው፡፡ እኛ ግን የምንኖረው ከባሕር ጠለል በላይ በ2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን፣ ቼሪውንም የምናገኘው ባመዛኙ በጠርሙስና በቆርቆሮ ታሽጎ ነው፡፡ በዚህ ላይ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ማንም ሸማች ያውቀዋል፡፡ ስለዚህ ለአንድ ጠርሙስ ብዙ ብር ከመክፈላችን በፊት ምን እንደምንገዛ፣ ለምን እንደምንገዛና ካልገዛንስ በምን እንደምንተካው ማወቅ ይኖርብናል፡፡

ቼሪ ምንድን ነው?

ቼሪ ከኮክ፣ ከፕሪም፣ ከአፕሪኮትና ከለውዝ መሰሉ አልሞንድ ጋር በአንድ የዕፅዋት ወገን ይመደባል፡፡ ሁሉም መሐላቸው ጠንካራ ዘር ያለው ፍሬ ነው፡፡ በአገራችን ጥቅጥቅ ደኖች የሚገኘው ጥቁር እንጨትም የዚሁ ወገን አባል ነው፡፡ ፈረንጆች ‹‹የአፍሪካ ቼሪ›› እያሉ የሚጠሩት ይህ ዛፍ ቅርፊቱ ለፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚፈለግ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ንግዱ ቁጥጥር ይደረግበታል፡፡ ፍሬው ግን መራራ በመሆኑ ለማዕድ ቤት የሚሆን አይደለም፡፡

የሚበላው ቼሪ በሁለት ይከፈላል፡፡ አንደኛው ጣፋጩ ቼሪ ሲሆን እንደ ፍራፍሬ ጥሬውን ይበላል፡፡ ሁለተኛው ኮምጣጣው ቼሪ ነው፡፡ ጥሬውን ለመብላት አፍ ያጨማድዳል፤ ከስኳር ጋር ሲበስል ግን ጣዕሙ ጎልቶ ይወጣል፡፡ ለማርማላታ፣ ለታርትና ለኬክ መሙያ ባለሙያዎች የሚመርጡት ይህንን ነው፡፡ ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደተረከው ቼሪን ወደ ሮም ያስገባው የጦር አዛዡ ሉኩሉስ ነው፤ ያመጣውም ዛሬ የቱርክ ግዛት ከሆነው የጥቁር ባሕር ዳርቻ ነው፡፡ እስከ ዛሬም በቼሪ ምርት በዓለም ቀዳሚዋ አገር ቱርክ ናት፡፡

ታዲያ ኮክ በየጓሮው በሚያፈራበት በደጋው አገራችን ቼሪ ለምን አልተለመደም? ምክንያቱ ብርድ ነው፡፡ የቼሪ ዛፍ በክረምት ይተኛል፤ ከእንቅልፉ ነቅቶ እንዲያብብም በርካታ ሰዓታት የሚቆይ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፡፡ ብዙዎቹ የጣፋጭ ቼሪ ዝርያዎች የሙቀት መጠኑ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች የሆነ ከ800 እስከ 1,200 ሰዓት ያህል ቅዝቃዜ ያስፈልጋቸዋል፡፡ የአዲስ አበባ ሌሊት በኅዳርና በታኅሣሥ ቢበርድም ቀኑ ፀሐያማና ሞቃት በመሆኑ ይህ መጠን አይሞላም፡፡ በጥቂት ቅዝቃዜ የሚረኩ የኮክና የፕሪም ዝርያዎች ግን ደጋችን ይስማማቸዋል፡፡ ለማዕድ ቤታችን መፍትሔው የሚገኘውም እዚሁ ላይ ነው፡፡

አራዳና የኬክ ባህሉ

በደጃዝማች ውቤ አጥናፍ ሰገድ ስም የሚጠራው ውቤ በረሃና አጎራባቹ ፒያሳ ስማቸው ሲነሳ የሚታወሰው ባመዛኙ የማታ ጭፈራው ነው፡፡ ይሁን እንጂ ሠፈሩ ለከተማዋ ጠዋትም የሰጣት ነገር አለ፤ እርሱም ማኪያቶና ኬክ ነው፡፡ ‹‹ፒያሳ›› የሚለው ስም ራሱ ጣሊያንኛ እንደሆነ ሁሉ ማርማላታ፣ ቦምቦሊኖ፣ ሚሊፎኒና ክሬማ የሚሉት ቃላትም ከዚያው የመጡ ናቸው፡፡ የኤንሪኮ ኬክ ቤት ስም በተነሳ ቁጥር ሚሊፎኒው አብሮ የሚነሳውም በዚሁ ምክንያት ነው፡፡

ከጣሊያኖቹ በፊትና ጎን ለጎን አርመኖችና ግሪኮች በአራዳ ይኖሩና ይነግዱ ነበር፡፡ በራስ መኰንን ድልድይ አካባቢ የሚገኘው የአርመን ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ምስክር ነው፡፡ ይህንን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ አርመኖች ለፋሲካ የሚጋግሩት ቾሬግ የተባለው ዳቦና ግሪኮች ጹሬኪ የሚሉት የበዓል ዳቦ ልዩ ጠረናቸውን የሚያገኙት ማህለብ ከተባለ ቅመም ነው፡፡ ማህለብ ደግሞ የአንድ የቼሪ ዝርያ ዘር ተሰብሮ፣ ውስጡ ያለው ፍሬ ደርቆና ተፈጭቶ የሚገኝ ነው፡፡ ቼሪ ሥጋው ብቻ ሳይሆን የዘሩ ጠረንም የሚፈለግ ፍሬ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፡፡

በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተካሄደው መልሶ ማልማትና የኮሪደር ልማት በርካታ መኖሪያና ንግድ ቤቶች ፈርሰዋል፤ ነዋሪውም ወደተለያዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ተበትኗል፡፡ በእግር ተወጥቶ ኬክ ይገዛበት የነበረ ሠፈር ሲርቅ፣ ኬኩን በቤት መጋገር መዝናኛ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የለመዱትን ጣዕም ይዞ የመቆየት ጉዳይም ይሆናል፡፡ እኔ ዛሬ ይህንን ዓይነት ጥያቄ የሚያቀርቡልኝ ከአራዳ ወጥተው በኮንዶሚኒየም የሚኖሩ ወዳጆቼ ናቸው፡፡

በጠርሙስ የታሸገውን ቼሪ እንዴት እንምረጥ?

በከተማችን ሱፐርማርኬቶች የሚገኘውን የታሸገ ቼሪ በሦስት መክፈል ይቻላል፡፡

የመጀመሪያው ‹‹ማራስኪኖ›› ወይም ‹‹ኮክቴል ቼሪ›› የሚባለው ነው፡፡ ስሙ የመጣው በዳልማሺያ የባሕር ዳርቻ ከሚበቅለው ማራስካ ከተባለ ኮምጣጣ ቼሪና ከእርሱ ከሚጠመቀው መጠጥ ነው፡፡ ዛሬ በዚህ ስም በርካሽ የሚሸጠው ግን ሌላ ነገር ነው፡፡ ፍሬው በመጀመሪያ ሰልፈር ዳይኦክሳይድ ባለበት ውኃ ተዘፍዝፎ ቀለሙም ጣዕሙም እንዲለቅ ይደረጋል፤ ከዚያም በስኳር ሽሮፕ፣ በማጣፈጫና በቀይ ቀለም እንደገና ይሞላል፡፡ ስለዚህ በጥርስዎ መካከል የሚሰማዎት የቼሪ ቅርጽ ነው እንጂ የቼሪ ጣዕም እምብዛም አይደለም፡፡ ለጌጥ ያገለግላል፤ ለመሙያና ለማርማላታ ግን አይሆንም፡፡

ስለ ቀለሙ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፡፡ ለዚህ ቼሪ በብዛት ከሚውሉት ቀለሞች አንዱ ኤሪትሮሲን ይባላል፡፡ በመለያው ላይ ‹‹ኢ 127›› ተብሎ ይጻፋል፤ አሜሪካኖች ደግሞ ‹‹ሬድ 3›› ይሉታል፡፡ የአውሮፓ ኅብረት ይህንን ቀለም በምግብ ውስጥ የሚፈቅደው ለኮክቴል ቼሪና ለመሰሎቹ ብቻ ነው፡፡ የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ደግሞ እ.ኤ.አ. በጥር 2025 ፈቃዱን የሰረዘ ሲሆን፣ ምግብ አምራቾች ቀለሙን እንዲያወጡ እስከ ጥር 2027 ጊዜ ሰጥቷል፡፡ ለውሳኔው መነሻ የሆነው በወንድ አይጦች ላይ የታየ ካንሰር ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ያ የካንሰር መንገድ በሰው ላይ እንደማይታይ ገልጿል፡፡ በዓመት አንድ ጊዜ በልደት ኬክ ላይ የምትቀመጥ አንዲት ቼሪ ሊያስደነግጠን አይገባም፤ ለልጆች በየሳምንቱ በማንኪያ የሚሰጥ ከሆነ ግን መለያውን አንብቦ ቀለሙ የሌለበትን መምረጥ ተገቢ ነው፡፡

ሁለተኛው በቀላል ሽሮፕ ወይም በራሱ ጭማቂ የታሸገ ጥቁር ቀይ ቼሪ ነው፡፡ መለያው ላይ ‹‹ቼሪ፣ ውኃ፣ ስኳር›› ብቻ ተጽፎ ካዩ ለኬክ የሚሆነው ይህ ነው፡፡ ኮምጣጣው ዓይነት ከተገኘ ይመረጣል፡፡ ያለው ጣፋጩ ብቻ ከሆነ የአንድ ሎሚ ጭማቂ ይጨምሩበት፡፡ ሽሮፑን አይድፉት፤ ለመሙያውና ለኬኩ ማርጠቢያ ያስፈልጋል፡፡

ሦስተኛው የቼሪ ማርማላታ ነው፡፡ እዚህ ላይ መለያው በመቶኛ የሚያሳየውን የፍሬ መጠን ይመልከቱ፡፡ ከፍሬው ይልቅ ስኳሩና የግሉኮስ ሽሮፑ ቀድሞ ከተጻፈ፣ በአብዛኛው የገዙት ስኳር ነው፤ ምክንያቱም በመለያ ላይ ቀድሞ የሚጻፈው በክብደት የሚበልጠው ነው፡፡

ቼሪ ከሌለ በምን እንተካው?

አንድን ነገር ለመተካት በመጀመሪያ ሥራው ምን እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል፡፡ ቼሪ ለኬክ የሚሰጠው አራት ነገር ነው፤ ጣፋጩን የሚሰብር ኮምጣጣነት፣ እርጥበት፣ ቀይ ቀለምና ከዘሩ የሚመጣውን የመራራ አልሞንድ ጠረን፡፡ አራቱንም በአንድ ጊዜ የሚሰጥ ፍሬ ገበያችን ላይ ባይገኝም ሁለት ሦስቱን አቀናጅቶ መቅረብ ይቻላል፡፡

ፕሪም፡- ለኮምጣጣ ቼሪ በጣም የሚቀርበው ይህ ነው፡፡ ቆዳው ኮምጣጣና ቀለም ያለው በመሆኑ አይላጥም፤ ከነቆዳው ይበስላል፡፡

ኮክ፡- የአገራችን ኮክ አነስ ያለ፣ ጠንከር ያለና ጠረኑ ጥሩ ነው፡፡ ሲበስል አይፈራርስም፡፡ ለመላጥ ከ30 እስከ 60 ሰከንድ በፈላ ውኃ ነክሮ ወዲያው ወደ ቀዝቃዛ ውኃ መክተት ነው፤ ቆዳው በእጅ ይለቃል፡፡

እንጆሪ፡- ቀለምና ጠረን ይሰጣል፤ ነገር ግን ውኃው ብዙ ነው፡፡ ብቻውን ከመጠቀም ከፕሪም ጋር መቀላቀሉ ይሻላል፡፡

ከርከዴ፡- ቀለምና ኮምጣጣነት በአንድ ላይ የሚሰጥ ነው፡፡ ሁለት የሾርባ ማንኪያ የደረቀ ከርከዴ በአንድ ብርጭቆ የፈላ ውኃ ውስጥ ለአሥር ደቂቃ ዘፍዝፎ ማጥለል ነው፡፡ የቼሪ ሽሮፕ በሚጠየቅበት ቦታ ሁሉ ስኳር ጨምረው ይህንን ይጠቀሙ፡፡

ለጠረኑ ደግሞ ሁለት ሦስት ጠብታ የአልሞንድ ማጣፈጫ ይበቃል፡፡ የቼሪም የመራራ አልሞንድም ጠረን በዋናነት ከአንድ ንጥረ ነገር የሚመጣ በመሆኑ ምላስ ይቀበለዋል፡፡ ከዚያ ካለፈ ግን ኬኩ ሳሙና ሳሙና ይላል፡፡

እኔ ‹‹የአራዳ ቼሪ›› እያልኩ የምጠራው ድብልቅ 700 ግራም ፕሪም፣ 300 ግራም ኮክ፣ ግማሽ ብርጭቆ የከርከዴ ውኃና ሁለት ጠብታ የአልሞንድ ማጣፈጫ ነው፡፡ ከዚህ በታች ባሉት አዘገጃጀቶች ‹‹ቼሪ›› በሚባልበት ቦታ ይህንን በእኩል ክብደት መጠቀም ይቻላል፡፡

ፍራፍሬውን በተመለከተ፣ ለዘመናት የአራዳ ሰው የሚገበይበት የፒያሳው አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ወደ ጃን ሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ መዛወሩ ይታወሳል፡፡ ለብዙዎቻችን የጅምላው ገበያ ስለራቀ፣ ፕሪምና ኮክ በወቅታቸው ረከስ ሲሉ በርከት አድርጎ ገዝቶ ዘሩን አውጥቶ በፍሪዘር ማስቀመጥ ያዋጣል፡፡ በትሪ ላይ ዘርግተው ካቀዘቀዙት በኋላ በላስቲክ ከረጢት ቢያደርጉት አይጣበቅም፡፡

ከፍታው በኬካችን ላይ የሚያደርሰው

ከፍ ባለ ቦታ የአየር ግፊት ዝቅ ይላል፡፡ በዚህም ምክንያት በአዲስ አበባ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው፡፡ ይህ ሁለት ውጤት አለው፡፡ አንደኛ፣ በኬክ ውስጥ ያለው አየር ቶሎና ከልክ በላይ ያብጣል፤ ሊጡ ሳይጠነክር ከፍ ይልና መሐሉ ይሰምጣል፡፡ ሁለተኛ፣ እርጥበት ቶሎ ይተናል፤ ኬኩ ይደርቃል፡፡ ስለዚህ ከውጭ የተወሰደ አዘገጃጀት ሲጠቀሙ የሚከተለውን ያስተካክሉ፡፡

• ቤኪንግ ፓውደርን በሩብ ያህል ይቀንሱ፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ካለ ሦስት አራተኛ ያድርጉት፡፡
• ለእያንዳንዱ ስኒ ስኳር ከ1 እስከ 3 የሾርባ ማንኪያ ይቀንሱ፡፡
• ለእያንዳንዱ ስኒ ፈሳሽ ከ3 እስከ 4 የሾርባ ማንኪያ ይጨምሩ፡፡
• የኦቭኑን ሙቀት ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ከፍ አድርገው፣ ከተጻፈው ሰዓት ጥቂት ደቂቃ ቀድመው ኬኩን ይፈትሹ፡፡
• የእንቁላል ነጩን አረፋው ጫፉ እስኪያጎነብስ ድረስ ብቻ ይምቱ፤ ድርቅ ብሎ እስኪቆም ከተመታ ኬኩ ይሰምጣል፡፡

አንድ ተጨማሪ ነገር፤ ቤኪንግ ሶዳ የበዛበት ነጭ ኬክ ውስጥ ቼሪ ሲጨመር በፍሬው ዙሪያ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ ቀለም ይታያል፡፡ የተበላሸ የሚመስላቸው አሉ፤ አይደለም፡፡ የቼሪው ቀይ ቀለም ከሶዳው ጋር ሲገናኝ መልኩን ስለሚቀይር ነው፡፡ ጥቂት ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ሲጨመር ይስተካከላል፡፡ ፍሬው ወደ ታች እንዳይሰምጥ ደግሞ በደንብ አጥልለው በአንድ ማንኪያ ፉርኖ ዱቄት ይለውሱት፡፡

ማርማላታ

የሚያስፈልጉ፡- ዘሩ የወጣ 1 ኪሎ ቼሪ ወይም የአራዳ ቼሪ፣ 750 ግራም ስኳር፣ የ2 ሎሚ ጭማቂ፡፡

ፍሬውን ከስኳሩና ከሎሚው ጋር ለውሰው ከሁለት ሰዓት እስከ ሌሊቱን ሙሉ ያሳድሩት፡፡ ከዚያም ሰፊ አፍ ባለው ድስት ውስጥ እያማሰሉ በኃይለኛ እሳት ያብስሉ፡፡ ድስቱ የማይዝግ ብረት ወይም ኢናሜል ይሁን፤ ኮምጣጣ ነገር ለረጅም ጊዜ በአሉሚኒየም ድስት ሲበስል የብረት ጣዕም ያመጣል፡፡

ቴርሞሜትር ያላቸው ሰዎች የውጭ መጻሕፍት ‹‹104 ወይም 105 ዲግሪ ሲደርስ ያውርዱ›› የሚሉትን እዚህ እንዳይከተሉ፡፡ ያ ቁጥር ከውኃ መፍያ በላይ ከ4 እስከ 5 ዲግሪ ማለት ነው፤ በእኛ ከተማ ይህ ከ96 እስከ 97 ዲግሪ ይሆናል፡፡ 105 እስኪሞላ የሚጠብቅ ሰው ማርማላታው ከረሜላ ይሆንበታል፡፡ ቴርሞሜትር ከሌለ ሳህን በፍሪዘር ያቀዝቅዙና ጥቂት ጠብ አድርገው በጣትዎ ይግፉት፤ ከላዩ ከተጨማደደ ደርሷል፡፡ ቼሪ በተፈጥሮው ማርማላታን የሚያረጋው ፔክቲን ስለሚያንሰው ከፖም ይልቅ ላላ ማለቱ የሚጠበቅ ነው፡፡ ሎሚው ለዚህም ይረዳል፡፡

በፈላ ውኃ በተቀቀሉ ጠርሙሶች ትኩሱን ሞልተው ይክደኑ፡፡ ከፍሪጅ ውጭ ለወራት የሚያስቀምጡ ከሆነ፣ አዲስ ክዳን ተጠቅመው የታሸገውን ጠርሙስ በፈላ ውኃ ውስጥ ጠልቆ እንዲቆይ ያድርጉ፡፡ በባሕር ጠለል ላይ 5 ደቂቃ የሚበቃው፣ ከ1,800 ሜትር በላይ ላለን ለእኛ 15 ደቂቃ ነው፡፡ ስኳሩን ከቀነሱ ግን በፍሪጅ አስቀምጠው በጥቂት ሳምንታት ይጨርሱት፡፡

ክሮስታታ

የሚያስፈልጉ፡- 250 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 125 ግራም ቀዝቃዛ የገበታ ቅቤ፣ 90 ግራም ስኳር፣ 1 እንቁላልና 1 አስኳል፣ ቁንጥር ጨው፣ የተፋቀ የሎሚ ልጣጭ፣ 300 ግራም ማርማላታ፡፡

ቅቤውን ከዱቄቱ ጋር በጣት ጫፍ እንደ አሸዋ እስኪሆን ይፈትጉ፡፡ ስኳሩን፣ ጨውን፣ የሎሚ ልጣጩንና እንቁላሉን ጨምረው ሳያበዙ ያዋህዱ፡፡ ሊጡ ከፈራረሰ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ ይበቃዋል፤ በደረቅ አየራችን ብዙ ጊዜ ይፈልጋል፡፡ ጠቅልለው አንድ ሰዓት በፍሪጅ ያሳርፉ፡፡ ሁለት ሦስተኛውን ዳምጠው በ24 ሳንቲ ሜትር መጋገሪያ ላይ ያንጥፉ፡፡ ማርማላታውን ቀብተው ከቀረው ሊጥ በተቆረጡ ጠባብ ዘንጎች ከላይ እንደ መረብ ያድርጉበት፡፡ በ190 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ፣ ጠርዙ ወርቃማ እስኪሆን ይጋግሩ፡፡ ሳይቀዘቅዝ አይቁረጡት፤ ትኩስ ማርማላታ ክፉኛ ያቃጥላል፡፡

የብላክ ፎረስት መሙያ

በጀርመን የምግብ መመሪያ መሠረት ‹‹ብላክ ፎረስት›› ተብሎ የሚሸጥ የቼሪ ኬክ ከቼሪ የሚወጣው ኪርሽ የተባለ አልኮል ጣዕሙ በግልጽ ሊታወቅበት ይገባል፡፡ በከተማችን የለመድነው ግን አልኮል የሌለበትን ነው፤ ለሙስሊም ወዳጆቻችንም ለልጆችም የሚስማማው ይኸው ነው፡፡ በኪርሹ ምትክ የቼሪውን ሽሮፕ ወይም የጣፈጠ ከርከዴ ከሎሚ ጋር ኬኩን ማርጠብ በቂ ነው፡፡

ለመሙያው 500 ግራም የተጠለለ ቼሪ፣ 250 ሚሊ ሊትር ሽሮፕና 30 ግራም የበቆሎ ስታርች ያስፈልጋል፡፡ ስታርቹን በጥቂት ቀዝቃዛ ሽሮፕ በጥብጠው የቀረውን ያፍሉ፡፡ በጥባጩን ጨምረው ጉርፍ ጉርፍ እያለ ለአንድ ሁለት ደቂቃ እስኪጠነክር ያማስሉ፡፡ ቼሪውን ከጨመሩ በኋላ ይቅመሱት፤ ሎሚ ካነሰው አሁን ነው የሚጨመረው፡፡ ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ክሬም ላይ ካደረጉት ክሬሙ ይቀልጣል፡፡ ለጌጥ የምትቀመጠው ቼሪ ከየትኛውም ዓይነት ብትሆን ግድ የለም፤ ኬኩን ኬክ የሚያደርገው መሐሉ ያለው ነው፡፡

የጾም የካካዎ ኬክ ከቼሪ ጋር

በዓመት ከግማሽ በላይ በሚጾምበት አገር ያለ እንቁላልና ያለ ወተት የሚጋገር ኬክ ማወቅ የግድ ነው፡፡

የሚያስፈልጉ፡- 190 ግራም ፉርኖ ዱቄት፣ 175 ግራም ስኳር፣ 25 ግራም ካካዎ፣ ሦስት አራተኛ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ቁንጥር ጨው፣ 6 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ኮምጣጤ፣ 280 ሚሊ ሊትር ውኃ፣ 200 ግራም የተጠለለ ቼሪ፡፡ መጠኑ ለከተማችን ከፍታ የተስተካከለ ስለሆነ ሌላ ማስተካከያ አያስፈልገውም፡፡

ደረቁን ሁሉ ነፍተው ያዋህዱ፡፡ ፈሳሹን ጨምረው ዱቄቱ እስኪጠፋ ብቻ ያማስሉ፤ ኮምጣጤውና ሶዳው ሥራ የሚጀምሩት ወዲያው ስለሆነ ሊጡ አይቆይም፡፡ በ190 ዲግሪ በሞቀ ኦቭን ያስገቡ፡፡ ቼሪውን ከመጋገሩ በፊት ከላይ ይበትኑት፤ ሊጡ ቀጭን በመሆኑ ጥቂቱ መስመጡ አይቀርም፡፡ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ ይበቃዋል፡፡ መሐል ላይ መብራት ከጠፋ በሩን አይክፈቱ፤ ግማሽ ጊዜውን ካለፈ በተጠራቀመው ሙቀት የመብሰል ዕድል አለው፡፡

ስለ ዘሩ ማስጠንቀቂያ

ቀደም ሲል ያነሳነው የአልሞንድ ጠረን ያለው ከቼሪ፣ ከኮክና ከፕሪም ዘር ውስጥ ነው፡፡ ጠረኑን የሚሰጠው አሚግዳሊን የተባለው ንጥረ ነገር ዘሩ ተሰብሮ ሲታኘክ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ ያመነጫል፡፡ አንድ ልጅ ሳያውቅ ሙሉውን ዘር ቢውጥ ሳይሰበር ስለሚያልፍ አብዛኛውን ጊዜ ጉዳት አያደርስም፤ የትንሽ ልጅ ትንፋሽ ሊዘጋ መቻሉ ግን አይረሳ፡፡ አደጋው የኮክን ዘር በድንጋይ ሰብሮ ውስጡን መብላት ነው፡፡ ልጆች ሲያደርጉት ይታያልና ያስተምሯቸው፡፡ ለማርማላታ ‹‹ጠረን እንዲሰጥ›› ተብሎ የተፈጨ ዘር መጨመርም አይገባም፤ ማህለብ ወይም የአልሞንድ ማጣፈጫ ከሱቅ ገዝቶ መጠቀሙ ይበቃል፡፡ ፍሬውን በጁስ መፍጫ የሚፈጩ ሰዎችም በቅድሚያ ዘሩን ማውጣታቸውን ያረጋግጡ፡፡

ትኩስ ቼሪ ያገኘ ሰው ዘሩን ለማውጣት ልዩ መሣሪያ አያስፈልገውም፡፡ ፍሬውን በባዶ ጠርሙስ አፍ ላይ አስቀምጦ በብረት ስትሮ ከላይ ወደ ታች መግፋት ነው፤ ዘሩ ጠርሙሱ ውስጥ ይወድቃል፡፡ ፕሪምና ኮክ ደግሞ በስንጥቃቸው መሥመር ዙሪያውን በቢላ ተቆርጠው ሁለቱ ግማሾች በተቃራኒ ሲጠመዘዙ ይለያያሉ፡፡

ለማጠቃለል፣ ከሁሉም በፊት መለያውን ያንብቡ፤ ከዚያ የከፍታውን ሒሳብ ያስሉ፤ ቼሪው ከተወደደ ደግሞ ፕሪምና ኮክ ሲረክሱ ገዝተው ያዘጋጁ፡፡ አንድ ጠርሙስ ኮክቴል ቼሪ በሚገዛበት ገንዘብ በወቅቱ የሚገኘው ፕሪም ለአንድ ቤተሰብ የወራት ማርማላታ ይሆናል፡፡ መልካም ሙያ!